ወደ ታች የተላክህበት ዓመት

ሐሙስ ማታ ነው። ከላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቼ «እባክህ ብቅ በል፣ ልጁ እህል አልቀመሰም» ብለው ጠሩኝ። ስገባ እናቱ ለሰንበት የሚሆን ሊጥ ታቦካለች። አባቱ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ይሠራል። የ18 ዓመቱ ልጃቸው በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስሮ፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ዝም ብሏል። ከኖዓር፣ ከወጣቶች ቡድን ሲወጣ ዋናው ቡድን ይወስደኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ክለቡ ለሚመጣው ዓመት በውሰት ወደ ሊጋ አሌፍ፣ ወደ ሦስተኛው የእግር ኳስ ሊግ ልኮታል። «አዋስንህ» ሲሉት እሱ የሰማው «ጣልንህ» ነው።

አባቱ ወደ እኔ ዞር አለና፣ «ለመሆኑ ይኼ ነገር ሥራ ነው? ሥራ ከሆነ ንገረኝ። ካልሆነም ንገረኝና እሑድ ጠዋት ይዤው ፋብሪካ ልሂድ» አለኝ።

አባት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። እዚህ እስራኤል፣ ክርያት አታ፣ በሌሎቹም ክራዮት፣ እንደዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው። መልሴ አዎ፣ ሥራ ነው። ግን እንደ አናጢነቱ፣ እንደ መካኒክነቱ ሁሉ የመለማመጃ ዘመን ያለው ሥራ ነው፤ በዚያ ዘመን ውስጥ ደግሞ ወደ ታች የሚወረድባቸው ዓመታት አሉ። ወላጆች የማይነገራቸው ይኼ ሁለተኛው ነገር ነው። ልጁም ያን ማታ እህል ያስጠላው እሱን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

እኔ ያን ማታ የነገርኳቸው የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ታሪክ ነው። እግር ኳስ ተጫዋች ለተከፋበት ቤት ቤዝቦል ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል እንደ ቤዝቦል በግልጽ ተቆጥሮ የተቀመጠበት ስፖርት አላውቅም። እያንዳንዱ እርከን ስም አለው፤ ደመወዙ ተጽፏል፤ ስንት ጊዜ ወደ ታች ልትላክ እንደምትችል ሳይቀር በደንብ ተወስኗል። ታሪኩን የነገርኳቸው ሰው ደግሞ ወላጆቹ ከዚሁ ከእስራኤል የሄዱ ናቸው።

ጨዋታውን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። አባትየው ልጅ ሳለ ወገራ ውስጥ ማሽላ ጠባቂ ነበር። ማማ ላይ ቆሞ ዝንጀሮና ወፍ በወንጭፍ ሲያባርር ያደገ ሰው፣ ድንጋይ ርቆ የሚሄደው በክንድ ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በወገብ አልፎ እንደሚወጣ ያውቃል። ቤዝቦል ውስጥም ወርዋሪ አለ፤ ፒቸር ይሉታል። ከ18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ርቀት፣ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ ይወረውራል፤ ዱላ የያዘው ሰው ሊመታት ይሞክራል። በላይኛው ሊግ ያሉት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚወረውሩ መቺው የሚያስብበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አባትየው ይኼን ሲሰማ የራሱን ቀኝ ትከሻ ጨበጥ አደረገ። «ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ የወነጨፈ ሰው ከሰዓት ክንዱ አይታዘዘውም» አለ። የፒቸር ሙያ ግማሹ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ እመለስበታለሁ።

ታሪኩን የነገርኳቸው ወርዋሪ ዲን ክሬመር በ1996 ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ እንደምንቆጥረው በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) አሜሪካ ውስጥ ክለቦች ወጣቶችን በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። በ2015 ሳን ዲያጎ በ38ኛው ዙር ጠራው፤ የእስራኤል ዜግነት ኖሮት በዚያ ምርጫ የተጠራ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። 38ኛ ዙር ማለት ከመጨረሻዎቹ ጋር መቆጠር ነው። አልፈረመም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በ14ኛው ዙር ጠሩት፤ አሁን ፈረመ። ከዚያም መሰላሉ ተጀመረ፤ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ፣ ከእነዚያ ሁሉ በላይ 30 ክለቦች ብቻ ያሉበት ሜጀር ሊግ።

በ2017 ራንቾ ኩካሞንጋ በምትባል ከተማ፣ ሃይ ኤ ላይ ተጫወተ። ጥሩ ዓመት አልነበረም፤ በየ9 ዙሩ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ ከ5 በላይ ነጥብ ይገባበት ነበር። በ2018 እድገት አልሰጡትም። እዚያው ከተማ፣ እዚያው እርከን ላይ መልሰው አስቀመጡት። የክፍል ጓደኞቹ ሲያልፉ አንድ ክፍል እንደ ደገመ ተማሪ ማለት ነው። በዚያ በደገመው ዓመት ግን 178 መቺዎችን ኳሷን ሳያገኙ አሰናበተ፤ በታችኞቹ ሊጎች ሁሉ በዚያ ዓመት ይህን ያህል ያደረገ አልነበረም። ዓመቱ ሳያልቅም ሳይጠየቅ ተለወጠ፤ ዶጀርስ አንድ ኮከብ ለማግኘት አምስት ልጆች ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ሲሰጡ እሱ ከአምስቱ አንዱ ነበር። ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ሄደ።

በ2020 በኮሮና ምክንያት የታችኞቹ ሊጎች ውድድር ጭራሽ ተሰረዘ። የሚወጣበት መሰላል ራሱ ተነሥቶ ሳለ ልምምዱን ሳያቋርጥ ቆየና ሴፕቴምበር 6 ቀን ጠሩት። ኒው ዮርክ ያንኪስን ገጠመ። 6 ዙር ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ገባበት። ስታዲየሙ ባዶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ተመልካች አይገባም ነበርና እናትና አባቱ እንኳ ከወንበሩ ሆነው ሊያጨበጭቡለት አልቻሉም።

እዚህ ላይ የጎረቤቴ ልጅ «በቃ፣ ደረሰ» አለ። አልደረሰም። በ2021 በላይኛው ሊግ 13 ጨዋታ ጀመረ፤ አንድም አላሸነፈም፣ 7 ጊዜ ተሸነፈ። በየ9 ዙሩ ከ7 ነጥብ በላይ ገባበት። ወደ ኖርፎክ፣ ወደ ትሪፕል ኤ መለሱት።

ልጁ ስልኩን ትቶ ቀና አለ። «ከዚያስ?»

ከዚያ በ2022 በወቅቱ መጀመሪያ ላይ የጎኑ ጡንቻ ተጎዳ። ጁን ላይ ተመለሰ። 8 አሸነፈ፣ 7 ተሸነፈ፤ የሚገባበት ነጥብ በየ9 ዙሩ ወደ 3.23 ወረደ። በሴፕቴምበር፣ በኋላ የዚያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነውን ሂዩስተን አስትሮስን ገጥሞ 9ኙንም ዙር ራሱ ወርውሮ አንድም ነጥብ ሳይገባበት ወጣ። በ2023 ደግሞ 13 ጨዋታ አሸነፈ፣ 5 ተሸነፈ፤ ክለቡም 101 ጨዋታ ያሸነፈበት ዓመት ነበር።

ኖርፎክ የሄደው ሰውና አስትሮስን ዝም ያሰኘው ሰው አንድ ነው፤ መካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚያ አንድ ዓመት ነው መነጋገር ያለብን።

በውሰት የተላክህ ልጅ፣ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ይኼ ነው፦ ከመሄድህ በፊት አሰልጣኙን ለብቻው አግኝና አንድ ጥያቄ ጠይቀው። «ለምን ላክኸኝ?» አትበለው፤ እሱ ክርክር ይከፍታል። «በዓመቱ ስመለስ ምን ችዬ እንድመጣ ትፈልጋለህ?» በለው። «ተሻሽለህ ና» ካለህ አትውጣ፤ ምኑ ይሻሻል? የግራ እግር? የሰውነት ክብደት? ከኋላ ለሚመጣ ተጫዋች ዞሮ ማየት? መልሱን እዚያው ደብተርህ ላይ ከነቀኑ ጻፈው። በሜጀር ሊግ ደንብ ክለቡ አንድን ተጫዋች በዝርዝሩ ላይ እንደያዘ ወደ ታች ሊልከው የሚችለው በመደበኛው ለሦስት የውድድር ዓመታት ነው፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ አይችልም። የእነሱ ተጫዋች የት እንዳለ ቆጥሮ ያውቃል። የእኛ ሰፈር ልጅ የሚቆጥርለት ደንብ ስለሌለ ራሱ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው፣ ደቂቃ ነው። በትልቅ ክለብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካፖርት መልበስ ለፎቶ ያምራል፤ እግር ግን የሚማረው ሲጫወት ነው። ሊጋ አሌፍ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሥራ በቀጥታ የሚመጡ ሰዎች ታገኛለህ። አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጫማው ላይ ኖራ አለ፤ ከኪሱ ሽቦ መቁረጫውን አውጥቶ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና ማልያውን ይለብሳል። ያን ሰው አትናቀው። አጥቂ ትከሻውን ሲያዘነብል ወዴት እንደሚሄድ ከአንተ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ከጨዋታ በኋላ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ትምህርት ነው፤ የሚጠይቅህም አክብሮት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትከሻው ልመለስ። እዚህ ላይ ወላጆች እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፤ የልጆቻችን መንገድ በችሎታ ማነስ ከሚዘጋበት ይልቅ በጉዳት የሚዘጋበት ጊዜ ያሳዝነኛል። አሜሪካኖች የወጣት ፒቸሮች ክርን ጅማት እየተበጠሰ ሲያስቸግራቸው የውርወራ ቁጥር ወሰን አወጡ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በአንድ ቀን ከ95 በላይ አይወረውርም፤ 17 እና 18 ዓመት የሆነው ከ105 በላይ አይወረውርም። 17 ዓመት የሞላው ልጅ 81ና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ውስጥ ቢያንስ ለ4 ወር ክንዱ ከውድድር ውርወራ ያርፋል። ለሁለት ቡድን በአንድ ወቅት መወርወርም አይመከርም። የተበጠሰውን ጅማት በሌላ ጅማት ተክቶ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለፒቸሩ ለቶሚ ጆን ካደረጉለት ወዲህ ብዙዎችን ወደ ሜዳ መልሷል። ከዚያ በኋላ ግን ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ያስጠብቃል። በ17 ዓመት የሚጠፋ አንድ ዓመት ደግሞ የሚመረጥበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

የእኛ ልጆች ለትምህርት ቤት ይጫወታሉ፤ ለክለብ ይጫወታሉ፤ ሰንበት ሲወጣ ደግሞ ማትናሱ፣ የሰፈሩ ማዕከል፣ አጠገብ ባለው ሜዳ ከሰፈር ልጆች ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታሉ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ የሚቆጥረው የራሱን ሰዓት ብቻ ነው። ሦስቱን ደምሮ የሚያውቅ እናትና አባት ካልሆኑ ማንም የለም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፉና በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሮጠ ጻፉ። ልጁ «አያመኝም» ሲል የሚያነክስ ከሆነ እግሩን እመኑ። ዕብራይስጥ ባትችሉም፣ እግር ኳስ ባታውቁም፣ ይኼን ሥራ ከእናንተ የተሻለ የሚሠራው የለም።

ስለ ውል የምለው ከራሴ ቤት የመጣ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ሳለ ከአንድ ክለብ ወረቀት ይዞ መጣ። ዕብራይስጤ የሱቅና የአውቶቡስ ዕብራይስጥ ነበር፤ ስለዚህ እሱ ራሱ አነበበልኝ። «መጫወት እችላለሁ ነው የሚለው፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ፈረምኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእድሜው ደህና አሰልጣኝ ወዳለበት ሌላ ክለብ ሊዛወር ሲል፣ ያ ወረቀት ያለ መጀመሪያው ክለብ ፈቃድ እንደማይለቀው ተረዳን። ሰባት ወር ሳይጫወት ከረመ። ልጄን አልወቅሰውም፤ የ13 ዓመት ልጅ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ሊሆን አይገባውም ነበር። ማንበብ የፈለገውን ነው ያነበበው።

በብዙ ቤቶቻችን ልጁ የወላጁ ምላስ ሆኖ ነው የሚያድገው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ሁሉም ጋ። ውል ላይ ግን ይቅር። ዕብራይስጥ አጥርቶ የሚያነብ፣ ከዝውውሩ አንድም ሰቅል የማያገኝ አዋቂ ሰው ጥሩ፤ የአጎት ልጅ ይሁን፣ የትምህርት ቤት መምህርት ትሁን። ወረቀቱን አንድ ሌሊት ቤት ይዛችሁ እደሩ። «ዛሬውኑ ካልፈረማችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ የሚያስቸኩለው የእሱ ጉዳይ ነው። መጠየቅ ያለበት ብዙ አይደለም፦ እስከ መቼ ይይዘዋል? መልቀቅ ቢፈልግ ስንትና በማን ፈቃድ? ቢጎዳ ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ወኪል ካለ ስንት በመቶ ይወስዳል? መልሱ በቃል ከሆነ «እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ» በሉ። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ሀብታም ወላጅ ይህን በጠበቃ በኩል ይጠይቃል።

ገንዘቡንም በቁጥር እናውራ። በ2023 የታችኞቹ ሊጎች ተጫዋቾች የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ሲያገኙ የትሪፕል ኤ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 35,800 ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት የሜጀር ሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በአንድ እርከን ልዩነት ሃያ እጥፍ። ከዚያ ስምምነት በፊት ደግሞ የታችኞቹ ሊጎች ልጆች ከዚህ በጣም ባነሰ ክፍያ ነው የኖሩት። ከላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ከታች ባለው ቁጥር መኖር የማይችል ሰው ይሰበራል። ስለዚህ ባግሩትህን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናህን፣ ጨርስ። ጠዋት ልምምድ ካለህ ከሰዓት የሚሠራ ነገር ተማር።

በአንድ ሥራ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ ክርያት አታ ውስጥ ለሚኖር ሰው ማስረዳት የለብኝም። ከተማችን ስሟ የተያያዘው ከአታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር ነው። ፋብሪካው በ1934 ተቋቁሞ አገሩን ሁሉ የሥራ ልብስ አለበሰ፤ በ1985 ተዘጋ። ሸማኔ ብቻ ሆኖ የኖረ ሰው ያን ጠዋት ምን እንደተሰማው ዕድሜ የጠገቡ ጎረቤቶቻችንን ጠይቁ። ስፖርተኛ ደግሞ ፋብሪካው የራሱ ሰውነት ነው፤ በ35 ዓመቱ አካባቢ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ግን ሌላ በር አለ። አሎን ላይክማን የጌዘር ኪቡትስ ልጅ ነው። ፒቸር ሆኖ ሜጀር ሊግ አልደረሰም፤ ማሠልጠንን ግን ከታች ጀምሮ ተማረና ለ2022 የውድድር ዓመት ሲንሲናቲ ሬድስ የወርዋሪዎች ምክትል አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። እዚህ አገር ነታንያ አጠገብ ያለው ዊንጌት ኢንስቲትዩት የአሰልጣኝነት ኮርስ ይሰጣል። በ22 ዓመት ተጫዋች ሆነው ሳለ ኮርሱን የወሰዱ ልጆች ጨዋታውንም የበለጠ እንዳዩት አስተውያለሁ።

ስለ ሠራዊት አጭር ልበል። ለብቁ ስፖርተኞች ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ የሚፈቅድ ልዩ ደረጃ አለ፤ በራሱ ግን አይመጣም። ከመመዝገቢያው ቀን ብዙ ቀደም ብለህ ክለብህን ጠይቅ፣ ጥያቄው መላኩንም ተከታተል። «አሰልጣኙ ያውቃል» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ቀኑ ያልፍበታል።

አባትየው ይኼን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ከእኛ ልጆችስ የደረሰ አለ?» አለ። አለ። እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሊ ዳሳ ነታንያ በ1992 ተወልዶ፣ ቤይታር ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ ማካቢ ቴል አቪቭ፣ በ2019 ኔዘርላንድ ቪቴሴ፣ በ2022 ዲናሞ ሞስኮ ተጫውቷል፤ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ ክንዱ ላይ ጨርቁን አስሮ ወጥቷል። የከተማችን የቅርጫት ኳስ ክለብ ኢሮኒ ክርያት አታም ቢሆን ከሁለተኛው ሊግ ታግሎ ነው ዋናው ሊግ የገባው። እናትየው እጇን ከሊጡ አውጥታ «የዳሳ እናትስ እንዲህ እንቅልፍ አጥታ ይሆን?» አለች። ሳታጣ አትቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩላቸው። ኦክቶበር 10 ቀን 2023፣ እዚህ አገር የኦክቶበር 7 ጥቃት የደረሰበት ያ ክፉ ቅዳሜ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዲን ክሬመር ቴክሳስ ውስጥ የክለቡን የመጨረሻ ተስፋ ይዞ ሊወረውር ወጣ። ዘመዶቹ እዚህ ነበሩ። ሁለት ዙር ሳይሞላ 6 ነጥብ ገባበት፤ ክለቡም ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለዚያው ክለብ በተራው ይወረውር ነበር።

ልጁ ያን ማታ እንጀራውን በላ። ደብተር ከእህቱ ቦርሳ ወሰደ። ባለፈው ዓርብ ከጨዋታ ሲመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘንና የመጨረሻውን ገጽ አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦ «ደቂቃ 71። ከጀርባዬ ሦስት ኳስ አለፈብኝ፤ ሁለቱ በግራ በኩል። ቀኝ ታፋ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ከበደኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ‹ኳሱን አትይ፣ ዳሌውን እይ› አለኝ። ማክሰኞ እሞክራለሁ።»